የሚከራዩ ቤቶቼን ወደ ማኅበር ላዙራቸው?

ሰላም ወገኖቼ። ሕግ የምታውቁ፣ ወይም በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

ስታዲየም አካባቢ ሁለት የማከራያቸው ቤቶች አሉኝ። ካርታቸው በእኔ ስም ነው። ባለፈው ክረምት የላይኛው ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ከታች ወዳለው መጋረጃ መሸጫ ወረደ። የጨርቅ ጥቅሎቹ እስከ ውስጣቸው ርሰው፣ የቀዩ ቀለም ነጩ ላይ ተጋብቶ ነበር። ባለሱቁ ካሳ ጠየቀ፤ በሽማግሌ ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ነገ የባሰ ነገር ቢመጣ ልጆቼ የሚያድሩበት ቤት ጭምር ለዕዳ ሊያዝ ነው?

አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። በመርህ ደረጃ የማኅበሩ ዕዳ ወደ ግል ንብረት አይሻገርም። ለእኔ ቢጤ ትልቅ ነገር ነው።

የቸገረኝ ካርታውን ማዞሩ ነው። ቤቱን በዓይነት መዋጮ (በገንዘብ ፈንታ ንብረቱን ለማኅበሩ በመስጠት) ሳስገባ እንደ ሽያጭ ተቆጥሮ ካፒታል ጌይን ታክስ (ንብረት ሲሸጥ በትርፉ ላይ የሚከፈል ግብር) ልጠየቅ ነው? የስም ማዛወሪያውስ? ደግሞ ባንክ ለማኅበሩ ሲያበድር የእኔን የግል ዋስትና ካስፈረመኝ ከለላው ምኑ ላይ ነው?

ወንድሜ «ማኅበሩን ተወው፣ ጥሩ ኢንሹራንስ ግባ» ይለኛል። እኔ ሁለቱም ሳያስፈልጉ አይቀሩም ባይ ነኝ። የሚያከራየውን ቤት ወደ ማኅበር ስም ያዞረ ሰው ካለ፣ የትኛው ቢሮ እንደሚጀመርና ምን ያህል እንዳስወጣው ይንገረኝ። ደህና ጠበቃ የምታውቁም ጠቁሙኝ።