ገጠር መንገድ ላይ የታጠቁ ዘራፊዎች፦ ፖሊስ ለምን አይደርስልንም? (ጅማ)

የሰብሳቢው ዘመድ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። አጎቴ ቡና ሰብሳቢ ነው። በሊሙ በኩል ካሉ ገበሬዎች እሸት ቡና እየገዛ ለማጠቢያ ጣቢያ ያስረክባል። ባለፈው ኅዳር አስረክቦ ሲመለስ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሦስት ሰዎች መንገዱን በግንድ ዘግተው አስቆሙት። ሁለቱ ክላሽ ይዘዋል። ለማግስቱ መግዣ የያዘውን ብር ወሰዱ፣ ስልክ ወሰዱ፣ የሹፌሩን ጃኬት ሳይቀር አስወልቀው ወሰዱ። ረዳቱን በሰደፍ ጭንቅላቱን መትተውት ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቷል። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ደወልን። ተረኛው «መኪናው ነዳጅ የለውም፣ ያለነውም አራት ነን፣ ጠዋት እንመጣለን» አለን። ጠዋት መጡ፣ ቃል ተቀበሉ፣ ግንዱን አዩና ሄዱ። እስካሁን የተያዘ የለም። የአካባቢው ሰው ግን ሰዎቹን ያውቃቸዋል! አንደኛው የማን ልጅ እንደሆነ ለአጎቴ በሹክሹክታ ነግረውታል። ፖሊስ ሲጠይቃቸው ደግሞ ሁሉም «አላየንም፣ አልሰማንም» ነው ያሉት።

አጎቴ ዘንድሮ አልገዛም ብሎ ቤት ተቀምጧል። ለእሱ ይሸጡ የነበሩት ገበሬዎች ቡናቸውን ከነገለባው፣ ጀንፈል አድርገው ለማድረቅ ተገደዋል፤ ገንዘቡ ይዘገይባቸዋል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ ግን አይዘገይም። ጥያቄዬ ይሄ ነው። የጎደለው የፖሊስ አቅም ነው ወይስ ፍላጎት? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን?

ጡረተኛው

ልጄ፣ እንኳን ነፍሳቸው ተረፈች። እኔ ፖሊስ ነበርኩ፤ አብዛኛውን ዕድሜዬን የጨረስኩት ገጠር ወረዳ ነው። ነዳጅ የለም ያለህ ሰው እየዋሸህ ላይሆን ይችላል። እኔ በነበርኩበት ጣቢያ አንዲት ፒካፕ ነበረችን። እስረኛ ፍርድ ቤት የምታመላልሰው እሷ፣ አለቃውን ስብሰባ የምታደርሰው እሷ፣ ወንጀል ቦታ የምትሄደውም እሷ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው አያስኬዳትም። አራት ሰዓት በእግር ተጉዘን ስንደርስ የእሳታቸውን አመድ ብቻ ያገኘንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሚሊሻውም ቀን የሚያርስ፣ ሌሊት የሚጠብቅ ገበሬ ነው። እሱ የዘራፊውን መደበቂያ አያውቅም፣ ዘራፊው ግን የእሱን ቤት ያውቃል።

ሌላው የወሰን ነገር ነው። ጅማ ዞን በአንድ በኩል ከየም ይዋሰናል፣ በሌላ በኩል ከከፋ። የም ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነው፣ ከፋ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል። ዘራፊው ወንዝ ተሻገረ ማለት ሌላ ክልል ገባ ማለት ነው። ማዶ ካለው አዛዥ ጋር ተደዋውለህ፣ ተነጋግረህ፣ እሺ እስክትባል እሱ ጫካውን አቋርጦ ይወጣል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን አንተ ራስህ የጻፍከው ነው። ሰው ያውቃል፣ አይናገርም። የያዝነውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለብን። ዳኛው ለምርመራ ቢበዛ 14 ቀን ነው በአንድ ጊዜ የሚፈቅዱት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምስክር ማግኘት አለብን። ማታ ቤቴ ድረስ መጥቶ አንድ በአንድ የነገረኝ ሰው፣ ጠዋት ጣቢያ ቀርበህ ፈርም ስለው እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አልፈረድኩበትም። ልጁ ከብት የሚያግደው እዚያው ጫካ ጥግ ነው። ምስክር ከሌለ ተጠርጣሪው ይለቀቃል፤ ተለቆ መንደር ውስጥ ሲንጎራደድ የታየ ቀን ደግሞ ቀሪውም ሰው አፉን ይዘጋል።

ቆራጡ

ይሄን ሁሉ ምን አመጣው። አጎትህ ክላሽ ይግዛና ራሱን ይጠብቅ። እኛ ሰፈር እንደዚያ ካደረጉ በኋላ ማንም አልነካቸውም።

ሕግ የተማርኩ

ቆራጡ፣ እባክህ እንዲህ አይነት ምክር አትስጥ። በአዋጅ 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። አጎቱ ተዘርፎ ሳለ ተከሳሽ ሊሆን ነው። ደግሞም በጨለማ አንድ ሰው በሦስት ላይ ተኩሶ የት ይደርሳል? እነሱ የሚፈልጉት ትልቁ ነገር ራሱ መሣሪያው ነው፤ ገድለውት ይወስዱታል።

ለጠያቂው፦ በአጎትህ ላይ የተፈጸመው በወንጀል ሕጉ ከባድ ውንብድና ነው፣ አንቀጽ 671። ከ5 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ስለዚህ ጣቢያ ስትሄዱ ተራ ስርቆት ተብሎ እንዳይመዘገብ ተከታተሉ። የረዳቱን የሕክምና ማስረጃ ያዙ። ስለ ምስክር ጋሼ የጻፉት እውነት ነው፤ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 699/2003። ማንነትን መደበቅና መኖሪያ መቀየር ድረስ ይፈቅዳል። ወረቀት ላይ ያለው ቀበሌ ድረስ አልወረደም፣ ይሄን አልክድም። ካልተጠየቀ ግን ጭራሽ አይወርድም። ምስክሮቹ ስማቸውን ከመስጠታቸው በፊት ዐቃቤ ሕጉን በግል አግኝታችሁ ጠይቁት።

ናይሮቢ የኖርኩ

ይሄ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ኬንያ ሰሜን ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ2012፣ ባራጎይ አካባቢ፣ የተዘረፉ ከብቶችን ሊያስመልሱ ሱጉታ ሸለቆ የገቡ ፖሊሶች ደፈጣ ውስጥ ገብተው ከ40 በላይ ተገደሉ። መሣሪያ አጥተው አይደለም። ቦታውን የሚያውቀው አድፍጦ የጠበቃቸው ዘራፊ ነበር፣ እነሱ አያውቁትም። በ2023 ደግሞ መንግሥት ጦር ሠራዊት ጨምሮ ስድስት ካውንቲ ላይ ዘመቻ ከፈተ። ናይጄሪያን ብታዩ ፖሊስ በሙሉ በፌዴራል ሥር ነው፣ የክልል ገዥ የሚያዘው ፖሊስ የለውም። በ2020 ካትሲና ውስጥ ካንካራ ከሚባል ቦታ ከ300 በላይ ተማሪዎች ከአዳሪ ትምህርት ቤታቸው ታፍነው ተወስደዋል። እኛ ጋ ክልል የራሱ ፖሊስ አለው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 ላይ አለ። ስለዚህ እዚያ የሚመኙት እዚህ አለ፤ ግን ጋሼ እንዳሉት ወንዙ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

እኛም አገር በሰኔ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው የታገቱትን ተማሪዎች ሁላችንም እናስታውሳለን። ቤተሰብ ገንዘብ ተጠይቋል። የመንገድ ዘረፋ ዝም ሲባል ወደዚያ ነው የሚያድገው፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

የአጋሮዋ

ወንድሜ፣ እኔም ቡና ነው የምሠራው፣ ስለ ብሩ ልንገርህ። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ገበሬው እስከ ማታ ይለቅማል፣ እኛ ማታ እንጭናለን፣ ሌሊት እናስረክባለን። ዘራፊው ሰዓታችንን ያውቃል፣ ወራቱንም ያውቃል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጥሬ ብር የሌለበት መኪና የለም። እኛ አምና ሦስት ሰብሳቢዎች ሆነን ተስማማን። ለብቻ መንቀሳቀስ ቀረ፣ መኪኖቹ ተከታትለው ይሄዳሉ። ስልክ ላለው ገበሬ በቴሌብር እንከፍላለን። መጀመሪያ እንቢ አሉ፣ ምክንያታቸውም ትክክል ነው፤ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ወኪሉ ጥሬ ብር የለኝም ይላል። ቀስ በቀስ ግን ግማሽ ግማሹ ለመደው። ብር የምንይዘው አሁን ለቀረው ብቻ ነው። ዘረፋ አልጠፋም፣ እኛ ላይ ግን አምና አልደረሰም።

አባ ቡልጉ ሰፈር

ድሮ አውጫጭኝ ነበር። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሁሉም እዚያው ስለሆነ እከሌ ጠቆመ ተብሎ አንድ ሰው ብቻ አይጠመድም። ያንን ዛሬ መመለስ አይቻልም?

ጡረተኛው

ሽማግሌዎቹ ይሰብሰቡ፣ ያ ጥሩ ነው። ግን በአውጫጭኝ ስንት ንጹሕ ሰው በቂም ተጠቁሟል። አሁን ደግሞ የለቀማ ጊዜ ነው፣ ገበሬን ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ብታስቀምጠው ቡናው መሬት ላይ ይረግፋል። እኔ የምለው፣ እድሩ ተሰብስቦ አሥርም ሃያም ሰው አብሮ ጣቢያ ይሂድ። አሥር ሰው አብሮ ሲናገር ዘራፊው ማንን ይበቀላል? እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ሆኖ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ አራቱንም ያዝናቸው፣ ተፈረደባቸውም።

የሰብሳቢው ዘመድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼን። ለአጎቴ አነበብኩለት። የአጋሮዋ የጻፈችውን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «ሌሎቹን ሰብሳቢዎች አናግራቸው» አለኝ። የዓይን ምስክር ሁለት ልጆች ናቸው፣ አንዱ ገና 17 ዓመቱ ነው። ስማቸውን ለማንም አልሰጠሁም። ሰኞ ጠዋት ከእድሩ ዳኛ ጋር ሆነን ዐቃቤ ሕግ ጋ እንገባለን። ሕግ የተማርከው፣ ልጁ ዕድሜው ስላልሞላ የተለየ ነገር አለ? ካለ ከሰኞ በፊት ጻፍልኝ።