የሃዋይ ድሮሶፊላዎች ከሚኖሩባቸው ደሴቶች በዕድሜ እንዴት ሊበልጡ ቻሉ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሃዋይ የድሮሶፊላ ዝንቦች የዘር ሐረግ ሳነብ አንድ ነገር አልገጥም ብሎኛል። በስም የታወቁት ዝርያዎች ከ500 በላይ ናቸው፤ ገና ያልተገለጹት ሲታከሉ ወደ 1,000 እንደሚጠጉ ይገመታል። የዘረመል ጥናቶች ሁሉም ከአንድ ቅድመ አያት እንደወረዱና ያም ቅድመ አያት ከ25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወደ ሃዋይ እንደደረሰ ያመለክታሉ። ከዋናዎቹ ደሴቶች አንጋፋው ካዋይ ግን ዕድሜው 5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ብቻ ነው። ታዲያ በቀረው 20 ሚሊዮን ዓመት ዝንቦቹ የት ነበሩ? ወይስ የዘመን ስሌቱ ተሳስቷል?

መልስ 1፦
ስሌቱ ከደሴቶቹ ታሪክ ጋር አይጋጭም። እሳተ ገሞራዎቹን የሚወልደው ትኩስ ስፍራ (ከምድር ውስጥ ቅልጥ ዓለት የሚወጣበት ቦታ) ከሞላ ጎደል ባለበት ሲቆይ፣ በላዩ ያለው የፓስፊክ ወለል በዓመት ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ሰሜን ምዕራብ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ደሴት ከምንጩ እየራቀ ሲሄድ በዝናብና በማዕበል ይሸረሸራል፣ በራሱም ክብደት ይሰምጣል። ከካዋይ ወዲያ ያለችው ኔከር ዛሬ ትንሽ የቋጥኝ ደሴት ናት፤ 28 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው ሚድዌይ ደግሞ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ የማይል የኮራል ደሴት ሆኗል። እነዚህ ሁሉ በዘመናቸው ከፍ ያሉ ተራሮች ነበሩ። ዝንቦቹ አሮጌው ሳይሰምጥ ወደ አዲሱ እየተሻገሩ ቆዩ ማለት ነው።

መልስ 2፦
የመሻገሩ ማስረጃ በዝንቦቹ ክሮሞዞም ላይ ስለሚነበብ ጥቂት ልጨምር። የዘረመል ተመራማሪው ሃምፕተን ካርሰን ክንፋቸው በጥቁር ነጠብጣብ የተዋበውን፣ ባለ ሥዕል ክንፍ የሚባሉትን ከ100 በላይ ዝርያዎች በዚህ መንገድ አጥንቷል። የዝንቡ እጭ (ገና ትል የሆነው ልጅ) የምራቅ ዕጢ ወጥቶ፣ ቀለም ጠጥቶ፣ በሁለት መስታወት መካከል ሲጨፈለቅ ግዙፎቹ ክሮሞዞሞች ጥለት እንደተጣለበት ጥብጣብ ደማቅና ፈዛዛ መስመር ይዘው ይታያሉ። አንድ ቁራጭ ተሰብሮ ተገልብጦ ከገባ የመስመሮቹ ተራ ይለወጣል፤ ሁለት ዝርያዎች በአንድ ቦታ ላይ የተሰበረ ተመሳሳይ ግልብጥ ካላቸው ከአንድ ወላጅ የወረሱት ነው ብሎ መደምደም ይቻላል። ግልብጡ ብቻውን ግን የቱ እንደቀደመ አይናገርም። አቅጣጫውን የሰጠው የደሴቶቹ ዕድሜ ነው፣ የዘዴው ውበትም ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ያህል ብቻ ባስቆጠረው ትልቁ ደሴት የሚኖሩት ሲልቨስትሪስና ሄተሮኒዩራ የሚባሉት ዝርያዎች የቅርብ ዘመዳቸው ፕላኒቲቢያ በዕድሜ በሚበልጠው በማዊ ደሴት ይገኛል። የሄተሮኒዩራ ወንድ ራሱ እንደ መዶሻ ወደ ጎን የሰፋ ስለሆነ ከሲልቨስትሪስ ለመለየት አያስቸግርም፤ ሆኖም ሁለቱ ተዳቅለው መራባት የሚችል ልጅ ይወልዳሉ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዲህ ጉዞው ሁልጊዜ ከአሮጌ ደሴት ወደ አዲስ ደሴት ብቻ ነው ማለት ነው?

መልስ 3፦
በብዛት እንዲያ ቢሆንም ሕግ አድርገው እንዳይወስዱት እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ የተመለሱም አሉ። ከሁሉ የሚገርመው ስካፕቶማይዛ የሚባለው ወገን ነው። በዘረመል ሲመረመር የሃዋይ ድሮሶፊላዎች እኅት ሆኖ ተገኝቷል፤ ብዙዎቹ ዝርያዎቹ በሃዋይ ሲኖሩ ሌሎቹ በአህጉራትና በሩቅ ደሴቶች ተበትነዋል። አንደኛው አተረጓጎም ወገኑ በሃዋይ ተወልዶ ወደ አህጉር ወጣ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ወደ ሃዋይ ገቡ ይላል። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ። ከዚህም በላይ ስካፕቶማይዛ በድሮሶፊላ ቅርንጫፎች መካከል ስለሚገባ፣ ድሮሶፊላ የሚለው ስም የአንድን ቅድመ አያት ልጆች በሙሉ አያካትትም። ስለዚህ «የሃዋይ ድሮሶፊላዎች» ስንል የትኛውን ቅርንጫፍ ማለታችን እንደሆነ አስቀድመን ብንገልጽ ጥሩ ነው።