በደንብ የበሰለ ምግብ ሰው የሚያሳምመው ለምንድን ነው?

ጥያቄ | የወጥ ቤት ኃላፊ
በአንድ ማብሰያ ቤት የሥጋ ወጥና ሩዝ ማታ ተሠርቶ፣ በማግስቱ ሞቆ ወደ ተለያዩ ቦታዎች ይላካል። ወጡ እሳት ላይ ሲለካ ከ90 ዲግሪ በላይ ነው። ሆኖም አንዳንድ ተመጋቢዎችን ከበሉ ከ10 ሰዓት ገደማ በኋላ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። ትኩሳትም ትውከትም የለም። «በደንብ አብስሉ» የተባለው ተፈጽሟል፤ ምን ቀረ?

መልስ 1 | የምግብ ደህንነት
ሰዓቱና ምልክቱ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስን፣ ኦክስጅን በሌለበት የሚራባ ባክቴሪያን፣ ያስጠረጥራል። ስፖሩ፣ ማለትም ባክቴሪያው ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ዘር መሰል ጠንካራ ቅርጹ፣ ፍላትን ይችላል። እንዲያውም ፍላቱ ሌሎቹን ተህዋስያን ገድሎ፣ ኦክስጅኑንም አባርሮ ሜዳውን ይለቅለታል። ወጡ ሲበርድ ስፖሩ ነቅቶ ይራባል፤ ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ላይ በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። ትልቅ ድስት ከነክዳኑ ፍሪጅ ቢገባ ጎኑ ይቀዘቅዛል፣ መሃሉ ግን ለብ እንዳለ ያድራል። በእጅ ዳስሶ «በርዷል» ማለት የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ምግቡ ከ57 ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት ጊዜ፣ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ በተጨማሪ 4 ሰዓት ይውረድ። የመጀመሪያው 2 ሰዓት ነው ዋናው። ወጡን ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በሰፋፊ ትሪ ገልብጡት፤ ወይም ድስቱን በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አማስሉ። ትሪዎቹ አይደራረቡ፤ እስኪበርዱ ክዳናቸው ገርበብ ይበል። ሲሞቅ መሃሉ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ 74 ይድረስ።

መልስ 2 | ማይክሮባዮሎጂ
ለሩዙ ግን ማሞቅ ዋስትና አይሆንም። ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ሩዙ ውስጥ የሚተወው የሚያስመልስ መርዝ ሙቀት አይፈታውም። ከተበላ ከግማሽ እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ትውከት ከመጣ መጀመሪያ ሩዙን ጠርጥሩ።

ቴርሞሜትሩንም ፈትሹ፦ በደቀቀ በረዶና ውኃ ውስጥ 0 ማሳየት አለበት። በፈላ ውኃ የምትፈትሹ ከሆነ ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ መፍያው 1 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ አትርሱ።

መልስ 3 | ኤፒዲሚዮሎጂ
የባሰው ፈተና ጭራሽ እሳት የማያየው ምግብ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ኢ. ኮላይ ኦ104 የተባለ የአንጀት ባክቴሪያ ዝርያ ከ3,800 በላይ ሰው አሳምሞ ከ50 በላይ ገደለ። መጀመሪያ የተወነጀለው ኪያር ነበር፤ ምርመራው በመጨረሻ ያመራው ወደ አብሽ በቆልት ነው።

ሌላው አዲስ ችግር ከላብራቶሪ የመጣ ነው። ፒሲአር (የተህዋስን ዘረመል አባዝቶ የሚለይ ምርመራ) ሰገራን መርምሮ የተህዋሱን ስም ቶሎ ይነግራል፤ ግን በሕይወት ያለ ተህዋስ አያስቀርም። ተህዋሱ ላብራቶሪ ውስጥ ተመግቦ ካልበቀለ ሙሉ ዘረመሉን አንብቦ የዚህ ከተማ ታማሚና የዚያኛው ከአንድ ምንጭ መሆናቸውን ማገናኘት ይከብዳል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራም በወጉ አይታወቅም። ስለዚህ ፒሲአሩ ተህዋስ ካገኘ ከናሙናው ተህዋሱ ይብቀል፣ ሰገራውም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ። እናንተም ከእያንዳንዱ ድስት ንጹሕ ናሙና ቀን ጽፋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ለ3 ቀን አቆዩ።

ጠያቂው
ሰላጣን በክሎሪን ማጠብስ?

መልስ 1
ክሎሪኑ በዋናነት የሚጠብቀው ውኃውን ነው፤ ከአንዱ ቅጠል የወጣው ወደ ሌላው እንዳይዛመት። ቅጠሉ ስንጥቅ ውስጥ የገባውን አይደርስበትም። አፈርና የቅጠል ጭማቂ ክሎሪኑን ስለሚጨርሱት ጠዋት አንዴ ለክቶ መተው ከንቱ ነው፤ እያጠባችሁ ለኩ። ፒኤቹም (የውኃው የአሲድነት መለኪያ) ከ6.5 እስከ 7.5 ይሁን፤ ከዚያ ሲያልፍ መለኪያው ክሎሪን አለ ቢልም የመግደል አቅሙ ይወርዳል።