የግቢያችን ማዕዘኖች ቁጥር አለኝ፤ ካሬው እንዴት ይወጣል?

የሰባ ደረጃ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰባ ደረጃ አካባቢ ያለው የእናቴ ግቢ አምስት ማዕዘን ነው። አንዱም ጎን ከሌላው እኩል አይደለም። ካርታው ላይ የኤክስና የዋይ ቁጥሮች ይነበባሉ፤ የስፋቱ ላይ ግን ማህተም አርፎበታል። ከወንድሞቼ ጋር ስለ ቦታው ልንነጋገር ስለሆነ ካሬውን ራሴ አውጥቼ መቅረብ እፈልጋለሁ። ቁጥሮቹ 472 ሺህ፣ 998 ሺህ ምናምን ናቸው። ከየት ልጀምር?

ቀያሹ
እህቴ፣ የቁጥሩ ትልቅነት አያስደንግጥሽ። ዩቲኤም ነው፤ ምድርን በዞን ከፍሎ የቦታን መገኛ በሜትር የሚያሳይ የካርታ ሥርዓት ማለት ነው። አዲስ አበባ ዞን 37 ውስጥ ናት፣ ቁጥሩም በሜትር ነው። ከሁሉም ኤክስ 472,700፣ ከሁሉም ዋይ 998,600 ቀንሺ። ስፋቱ አይነካም።

ቀሪው ለምሳሌ (0፣ 0)፣ (14፣ 2)፣ (16፣ 13)፣ (9፣ 15)፣ (1፣ 11) ይሁን። አጥሩን እየዞርሽ በተራ ጻፊያቸው፤ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ድገሚው። አሁን የአንዱን ኤክስ በቀጣዩ ዋይ አባዢ። ከሱ ላይ የቀጣዩን ኤክስ በዚህኛው ዋይ አባዝተሽ ቀንሺ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስትሄጂ 14 × 13 ሲቀነስ 16 × 2፣ 150 ነው። ሌሎቹ 0፣ 123፣ 84 እና 0 ይመጣሉ። ድምሩ 357፣ ለሁለት ሲካፈል 178.5 ካሬ። አለቀ።

የሒሳብ መምህር
ተራው ላይ አደራ! የመጨረሻዎቹን ሁለት ማዕዘኖች ብታቀያይሪ 114.5 ይወጣል፤ መስመሮቹ ስለሚቆራረጡ። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳይው። እያንዳንዱ የቅነሳሽ ውጤት ከዜሮ ነጥብ ተነስቶ በሁለቱ ማዕዘኖች የሚሠራው ሦስት ማዕዘን ስፋት እጥፍ ነው። ለሁለት የምናካፍለውም ለዚህ ነው።

የሰባ ደረጃ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኔ ግን በማይነስ ወጣ። ደግሞ ወንድሜ በሜትር የለካው ጎን ከካርታው ቁጥር ከሚወጣው ይረዝማል።

ቀያሹ
ማይነሱ በሰዓት አቅጣጫ ስለዞርሽ ነው፤ ተይው፣ ስፋቱ ያው ነው።

የወንድምሽ ነገር ግን ዋናው ጉዳይ ነው። የካርታ ስፋት አግድም ስፋት ነው፤ እናንተ ሰፈር ደግሞ ቁልቁለት ነው። በምሳሌው የመጀመሪያው ጎን 14.14 ሜትር ነው። መሬቱ እዚያ ላይ 5 ሜትር ቢወርድ፣ ሜትሩን መሬት ላይ ያነጠፈ ሰው 15 ያነባል። እሱም አልዋሸም፣ ካርታውም አልተሳሳተም። ሳትነጋገሩ በፊት አብራችሁ ድጋሚ ለኩ፤ ሜትሩን በውሃ ልክ አስተካክላችሁ፣ አጠር አጠር እያደረጋችሁ ወደ ታች ውረዱ።