የአዞ ሐረግ ውሃ ሲያስቋጥር በሽታው እየወጣ ነው?

የደብረ ሲናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴን ቁርጥማት ጉልበታቸው ላይ ያሠቃያቸዋል። ጎረቤታችን እርጥብ የአዞ ሐረግ ቅጠል ወቅጣ ማታ አሰረችላቸው። ጠዋት ስንፈታው ቆዳቸው ቀልቶ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። «በሽታው እየወጣ ነው፣ ዛሬም ይደገም» ትላለች። እሳቸውም አምነዋል። ይደገም?

የወፍ ዋሻ ልጅ፦
እህቴ፣ በፍጹም እንዳይደገም! የቋጠረው በሽታ አይደለም፤ ቃጠሎ ነው። አሁኑኑ በንጹሕ ውሃና ሳሙና እጠቡላቸው። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት። ቅቤም ሌላ ቅጠልም አትቀቡበት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ስኳር ካለባቸው ደግሞ ዛሬውኑ።

ያደግሁት ወፍ ዋሻ ጫካ ሥር ነው፣ ሐረጉን አውቀዋለሁ። በቅጠሉ ዘንግ ጽዱንም ኮሶውንም እየተጠመጠመ ይወጣል። ነጫጭ አበባው ረግፎ ፍሬ ሲይዝ ዛፉ ላባ የለበሰ ይመስላል። በጣም ያምራል። አያቴ መድኃኒት ያውቁ ነበር። ዓርብ ጎሕ ሳይቀድ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ መንገድ ላይ ሰው ሳያናግሩ ሄደው ይቆርጡታል። ለሌላ ከነገሩት ኃይሉ ይሸሻል ይሉ ነበር። ለእባጭና ለማይድን ቁስል ይሰጡታል። ግን እርጥቡን ሰው ላይ አስረው አያሳድሩም፤ ጥላ ሥር ያደርቁታል።

ምክንያት አለው። እርጥቡ ቅጠል ሲወቀጥ ፕሮቶአኔሞኒን የሚባል ነገር ይወጣዋል። ቆዳ የሚያቃጥለው እሱ ነው፤ ቢጠጣ ደግሞ አፍና ሆድ ያቃጥላል። ሲደርቅ ወደማያቃጥል ነገር ይለወጣል። የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው፦ ምስጢር ተብሎ ሲደበቅ የቅጠሉ ስም መንደር ለመንደር ይዞራል፣ አያያዙ ግን ከአዋቂው ጋር ይቀበራል። ጎረቤታችሁም እኮ ክፉ አላሰበችም።

መንዜው፦
እውነት ነው። እኛ ጋ የአህያ ጀርባ ሲቆስል ያደርጉበታል። ወቃጩን ዓይኑን ያስለቅሰዋል። ታዲያ ደረቁን ለቁርጥማት ብናደርገውስ?

የወፍ ዋሻ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ደረቁ አያቃጥልም ማለት ቁርጥማት ያድናል ማለት አይደለም። ያበጠ ጉልበት ብዙ ምክንያት አለው። ሐኪም ይየው።

የደብረ ሲናዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አጥበን ወሰድናቸው፤ ቅባት ተደርጎላቸው በፋሻ ተሸፈነ። ጎረቤታችንም አብራን ሄዳ ነርሷ ስታስረዳ ሰምታለች። ለጉልበታቸው ሐሙስ ቀጠሮ አለን።