ለሁሉም ልጅ ዋንጫ ይሰጥ? ክርክር

አወያይ፦ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ሽልማት ለተጫወተ ልጅ ሁሉ ይሰጥ ወይስ ለአሸናፊ ብቻ? በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ጀምስ ሃሪሰን የ6 እና የ8 ዓመት ልጆቹ ያገኙትን የተሳትፎ ዋንጫ እንደሚመልስ ኢንስታግራም ላይ ከጻፈ ወዲህ ጉዳዩ አልበረደም።

የመስመር ዳኛ፦ ሃሪሰን ልክ ነው። ዋንጫ የሚከበረው ሁሉም ስለማያገኘው ነው። ልጆች ደግሞ አይሞኙም፤ ጎል ባይመዘገብም ስንት ለስንት እንዳለቀ ቆጥረው ነው ከሜዳ የሚወጡት።

አሰልጣኟ፦ ወንድሜ፣ የስንት ዓመት ልጅ? ዕድሜ ካልለየን ውሃ ወቀጣ ነው። በአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን መመሪያ እስከ 8 ዓመት 4 ለ4 ያለ ግብ ጠባቂ፣ እስከ 10 ዓመት 7 ለ7፣ እስከ 12 ዓመት 9 ለ9 ነው የሚጫወቱት። 4 ለ4 ላይ ሻምፒዮን ፈልጎ ማውጣት ምን ይረባል? ኖርዌይ ውስጥ ልጁ 11 የሚሞላበት ዓመት እስኪደርስ የደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣም፤ ሽልማት ካለም እስከ 12 ዓመት ለሁሉም ነው። ያቺው ኖርዌይ በ2018 እ.ኤ.አ. የክረምት ኦሎምፒክ 39 ሜዳሊያ ይዛ አንደኛ ወጣች፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ 16 ወርቅ።

የመስመር ዳኛ፦ እዚያ እኮ ልጁ ስኪ ተጫምቶ ነው የሚወለደው! የተሳትፎ ሽልማት አይደለም ያሸነፈላቸው።

አሰልጣኟ፦ አሸነፈላቸው መች አልኩ፤ አላበላሻቸውም ነው ያልኩት።

የሥነ ልቦና መምህር፦ «ለማን» ከሚለው ይልቅ «መቼ ተነገረ» የሚለው ይበልጣል። በ1973 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሌፐር፣ ግሪን እና ኒስቤት ሥዕል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሏቸው። አንደኞቹ ከሣሉ ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት እንደሚያገኙ አስቀድሞ ተነገራቸው፤ ሁለተኞቹ ሳይነገራቸው በድንገት ተሰጣቸው፤ ሦስተኞቹ ምንም አላገኙም። በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ሲታዩ፣ ቃል የተገባላቸው ለሥዕል ያዋሉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ነበር። በድንገት የተሰጣቸው ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ምዝገባ ወረቀት ላይ «ሁሉም ልጅ ዋንጫ ያገኛል» ብሎ ማስተዋወቁ ነው ጥፋቱ።

የመስመር ዳኛ፦ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ላይስ? የጨረሰ ሁሉ ሜዳሊያ እንደሚጠብቀው እያወቀ ነው የሚሮጠው።

የሥነ ልቦና መምህር፦ እሱ 10 ኪሎ ሜትር ጨርሷል። ለመጨረስ እንጂ ለመመዝገብ አይደለም የተሰጠው።

የመስመር ዳኛ፦ እንግዲያው ከ20 ልምምድ 15 የተገኘ ይሸለም።

አሰልጣኟ፦ የ7 ዓመት ልጅ መኪና አይነዳም። የቀረው አባቱ ቅዳሜ ሥራ ስለገባ ከሆነ የምትቀጣው ማንን ነው? የተገኘበትን ቀን መቁጠር ልጁ ብቻውን መምጣት ከቻለ በኋላ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ ፍልስፍናው እንዳለ ሆኖ፣ ችግሩ የሚመጣው ማዘዣው ላይ ነው። ስም አታስቀርጹ። «ዮሐንስ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ በዋይም በጄም ይጀምራል፤ እናት አንዱን፣ የምዝገባ ቅጹ ሌላውን ይዞ ይገኛል። ስሙ የተበላሸበት ልጅ ምንም ካላገኘው ይብሳል። የቡድኑን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ አስቀርጹ፤ የልጁ ስም ከጀርባ ተለጣፊ ላይ በእጅ ይጻፍ። ቁጥሩንም ከመጀመሪያው ቀን መዝገብ አትውሰዱ፤ ዘግይቶ የሚገባ አለ። ለ12 ልጅ 14 እዘዙ። ከዋንጫ ደግሞ ሜዳሊያ ይሻላል፤ ይረክሳል፣ ካርቶን ውስጥ አይሰበርም።

አሰልጣኟ፦ አንድ ነገር ልጨምር፦ ለሁሉም ሜዳሊያ ከታደለ በኋላ «ኮከብ ተጫዋች» ብሎ አንድ ልጅ መድረክ ላይ መጥራት የቀረውን ሁሉ ያፈርሰዋል። ይልቅ ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር፦ «በግራ እግር ማቀበል የተማረ»፣ «ወድቃ ሳታለቅስ የተነሳች»።

የመስመር ዳኛ፦ እሺ፣ እስከ 10 ዓመት ሜዳሊያ፤ ዋንጫ ግን አትበሉት። 11 ላይ ሰንጠረዡ ይለጠፍ፣ ዋንጫውም አንድ ይሁን።

አሰልጣኟ፦ ሰንጠረዡን 11 ላይ እቀበላለሁ። ዋንጫውን 13።