ከፓርቲ ነጻ በሆነ ምርጫ ያሸነፉ ከንቲባ ፓርቲ ሲቀይሩ፦ የዳላስ ጉዳይ

አዲስ መራጭ፦
ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2023 በተደረገው የዳላስ ከተማ ምርጫ ነው። ካርዱን ማሽኑ ውስጥ ሳስገባ ለከንቲባነት የታየኝ በሥልጣን ላይ የነበሩት የኤሪክ ጆንሰን ስም ብቻ ነበር፤ ከሥሩ የሌላ ሰው ስም መጻፊያ ቦታ አለ፤ የፓርቲ ስም ግን የለም። ከ98 በመቶ በላይ አግኝተው ቀጠሉ። በሴፕቴምበር ደግሞ ከዴሞክራቶች ወጥተው ሪፐብሊካን መሆናቸውን በጋዜጣ ጽፈው አስታወቁ። ምርጫው ከፓርቲ ነጻ ከሆነ ቀድሞስ እንዴት ፓርቲ ኖራቸው? ከተመረጡ በኋላ መቀየራቸውስ በሕግ አያስጠይቃቸውም?

የድሮ ዳላስ፦
ወንድሜ፣ አያስጠይቃቸውም። «ከፓርቲ ነጻ» ሲባል ፓርቲዎች ለከተማው ምርጫ ዕጩ አያቀርቡም፣ በድምፅ መስጫው ላይም የፓርቲ ስም አይጻፍም ማለት እንጂ ተወዳዳሪው የፖለቲካ አቋም የለውም ማለት አይደለም። ጆንሰን ከንቲባ ከመሆናቸው በፊት ዴሞክራት ሆነው በቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት ለዓመታት አገልግለዋል፤ ይህን ያልሰማ አልነበረም። እንዲያውም በቴክሳስ መራጩ ራሱ ሲመዘገብ ፓርቲውን አይጠየቅም። ከንቲባን ከሥልጣን ማንሳት ለሚፈልግ የከተማው ቻርተር (መተዳደሪያ ሕጉ) በፊርማ ማሰባሰብ የሚጀመር መንገድ አስቀምጧል፤ ፓርቲ መቀየር ግን በራሱ ጥፋት አይደለም።

እናት ነኝ፦
ሕጉ ይፍቀድ፤ እኔን ግን አሳዝኖኛል። በ2019 ዘጠኝ ሰው ተወዳድሮ፣ አብላጫ ያገኘ ጠፍቶ በጁን ሁለተኛ ዙር ሲደረግ፣ ከሥራ በቀጥታ ሄጄ የመረጥኋቸው የማውቀውን ታሪካቸውን ይዤ ነው። ሐሳባቸው ከተለወጠ ከሜይ በፊት ቢናገሩት ኖሮ ምናልባት ተፎካካሪ ይነሣባቸው ነበር።

የድሮ ዳላስ፦
እህቴ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ጊዜው እኔንም ቅር ያሰኘኛል። ሆኖም በፖሊስና በግብር ጉዳይ አቋማቸው በድንገት የመጣ አልነበረም፤ በ2020 የከተማው ምክር ቤት ከፖሊስ የትርፍ ሰዓት በጀት ሲቀንስ በይፋ ተቃውመው ነበር። ለእኔ የሚከብደው ሌላ ነው፦ በ2023ቱ የሜይ ምርጫ ከተመዘገበው መራጭ ከአሥር አንዱ እንኳ አልወጣም።

የማዘጋጃ ቤት ነገር፦
አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ከንቲባ ሲባል የምናስበው እንደ አዲስ አበባው፣ ምክር ቤቱ መርጦት መላውን አስተዳደር የሚመራ ሰው ነው። የዳላስ ከንቲባ በቀጥታ በሕዝብ ቢመረጡም፣ የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመራው ምክር ቤቱ የሚቀጥረው የከተማ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ በምክር ቤቱም የከንቲባው ድምፅ ከ15 አንዱ ብቻ ነው። ከንቲባው የአራት ዓመት ዘመን አላቸው፤ 14ቱ አባላት ግን በየሁለት ዓመቱ በየወረዳቸው ይመረጣሉ። ስለዚህ ጠያቂያችን፣ መንገድዎ ቢቆፈር፣ የንብረት ግብርዎ ቢጨምር በቅድሚያ የሚያነጋግሩት የወረዳዎን ተመራጭ ነው።

አዲስ መራጭ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወረዳዬ ተወዳዳሪዎች እኮ እዚያው ስክሪን ላይ ነበሩ፤ ስማቸውን ስለማላውቀው አልፌያቸው ወጣሁ።